ደህና የሚያይ ዓይን ይመርመር

እንደ እኔ መተማ ላይ ስኳር በሽታን ለሚከታተል ባለሙያ ከሁሉ የሚከብደው ደህና የሚያይ ሰው ዓይኑን እንዲመረመር ማሳመን ነው። ወባ ስለሚያንቀጠቅጥ ሰው ሳይጠራ ይመጣል። ስኳር ግን ሬቲና የሚባለውን የዓይን የኋላ ሽፋን ቀጫጭን ደም ሥሮች ለዓመታት ሲጎዳ ምንም አያምም። ብዥታው የሚመጣው ሥሮቹ ደም ካፈሰሱ ወይም የሬቲናው መሀል ካበጠ በኋላ ነው።

"ስኳር የጠገበ ሰው በሽታ ነው" መባሉም ያዘናጋል። እነ ዶክተር ሽታዬ አለሙ ጎንደር ላይ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት፣ ኢንሱሊን ከሚወስዱ የገጠር ሕሙማን ብዙዎቹ ከሲታና ድሃ እንደሆኑ አሳይቷል። ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርደውም የቀን ሠራተኛ ሊታመም ይችላል።

አብዝቼ የማስረዳው ስለ ሕክምናው የመጀመሪያ ሳምንታት ነው። በጣም ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር በመድኃኒት ሲወርድ በዓይን ሌንስ ውስጥ ያለው ውኃ ስለሚለዋወጥ እይታ ለጊዜው ይደበዝዛል። "ሲስተር፣ መርፌው ዓይኔን ጋረደኝ" ብሎ ኢንሱሊኑን የሚተው አለ። ስለዚህ ገና ስጀምርለት እነግረዋለሁ፦ "ወንድሜ፣ ብዥታው በሳምንታት ውስጥ ይጠራል፤ እስከዚያ መነጽር አትግዛ፣ መርፌውንም አታቋርጥ። ድንገት ጥቁር ነጠብጣብ ከበዛብህ ወይም እንደ መጋረጃ ከሸፈነህ ግን ሳታድር ና።" ቀድሞ የሰማ ሰው አይደነግጥም።

ለስኳር ክትትል ቀጠሮው ሲሉ ሁለት ቀን ሻይ ያለ ስኳር የሚጠጡ አሉ። ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው ምርመራ ግን የሁለት ሦስት ወሩን የስኳር አማካይ ያሳያል። በአሜሪካና በካናዳ በዓይነት አንድ ሕሙማን ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመው ትልቅ ጥናት፣ ስኳርን አጥብቆ መቆጣጠር የሬቲና ጉዳት የመጀመር ዕድልን በ76 በመቶ እንደቀነሰ አረጋግጧል። ለዚህም ኢንሱሊኑ ሳይበላሽ መቆየት አለበት፤ የቆላው ሙቀት ስለሚያበላሸው፣ ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው በእርጥብ አሸዋ ላይ በተቀመጠ ሸክላ ውስጥ፣ ጥላ ሥር ያኑረው እላለሁ።

የዓይን ቀጠሮን ከሰሊጡ ሥራ ጋር ማስማማት ይበጃል። አጨዳው አልቆ ወደ ደጋ የሚመለስ ብዙ ሠራተኛ በጎንደር ያልፋል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ማዕከልም እዚያው ነው። የዓይን ብሌን በጠብታ ተከፍቶ ሬቲናው ይታያል።

ዓይነት ሁለት ስኳር ያለበት በሽታው እንደታወቀ፣ ዓይነት አንድ ያለበት ደግሞ ከአምስት ዓመት በኋላ ይመርመር፤ ከዚያ ሁለቱም በየዓመቱ። ጉዳት ከተገኘ የሌዘር ሕክምና የቀረውን ብርሃን ያቆያል፤ የጠፋውን ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመልስም። ስለዚህ ስኳር ያለባችሁ ሁሉ፣ ደህና እያያችሁ ሂዱ።