የአሶሳው የቀርከሃ ቤት

በአሶሳ ዙሪያ የበርታ ብሔረሰብ አባላት ስንጥቅ ቀርከሃ አጠላልፈው፣ ጣሪያውን በሣር ከድነው የሚሠሩት ክብ ቤት፣ ክፍሎቹ በቀላሉ የሚተኩ በመሆናቸው የሚዘልቅ ስለሆነ ከፍ ያለ አድናቆት ይገባዋል። ምስጥ የበላው ማገር ወይም ዝናብ ያበሰበሰው የግድግዳ ክፍል ሲያጋጥም፣ ሌላውን ሳይነኩ ያንኑ ብቻ ፈትቶ በአዲስ መተካት ይቻላል፤ የወጣውም አሮጌ ቀርከሃ ለማገዶ ይውላል፣ አለዚያም በስብሶ አፈር ይሆናል።

ይህን የሚያስችለው የቆላ ቀርከሃ፣ ከደጋው ዝርያ በተለየ ግንዱ ድፍን ወይም ለድፍንነት የቀረበ ሲሆን፣ ራይዞም ከሚባለው የመሬት ውስጥ ግንዱ በየክረምቱ አዲስ ቡቃያ ያወጣል፤ ቡቃያውም በአንድ ክረምት ሙሉ ቁመቱን ቢይዝም ለግንባታ የሚጠነክረው 3 ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው። ስለዚህ ለጋውን ትቶ የበሰለውን ብቻ መቁረጥ የቤቱ ንድፍ አካል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሆኖም የቆላ ቀርከሃ ከረጅም ዘመን በኋላ በጅምላ አብቦ፣ ዘሩን አራግፎ ይሞታል። ያን ጊዜ ከዘሩ የሚበቅለው ችግኝ ከሰደድ እሳትና ከልቅ ግጦሽ ሊጠበቅ ይገባል።