የተደፈነ የጆሮ ቱቦን በፊኛ ማስፋት፦ የስድስት ሳምንት ንጽጽርና የአንድ ዓመት ድምዳሜ

መካከለኛውን ጆሮ ከአፍንጫ ጀርባ ጋር የሚያገናኘው የኤውስታኪያን ቱቦ በወጉ መከፈት ሲሳነው ሕመምተኛው ጆሮው ይደፈንበታል፤ መስማቱ ይቀንሳል፤ የጆሮ ታምቡሩም ወደ ውስጥ ይሳባል። ሁኔታው ለዓመታት ከዘለቀ ታምቡሩ ሰርጉዶ ኮሌስቴቶማ እስከ ማስከተል ሊደርስ ይችላል። ስለሆነም ለዚህ ችግር የሚደረግ ቀዶ ሕክምና የሚመዘነው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሚገኘው እፎይታ ብቻ ሳይሆን፣ ጆሮው ውሎ አድሮ በሚገኝበት ሁኔታ ጭምር ነው።

ቱቦውን በፊኛ የማስፋት ሕክምና በአፍንጫ በኩል በሚገባ ካቴተር ይከናወናል፤ በጫፉ ያለው ፊኛ በቱቦው ውስጥ ለ2 ደቂቃ ያህል ተነፍቶ ይወጣል። ለዚህ ሕክምና በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው ማስረጃ ዴኒስ ፖና ባልደረቦቻቸው በመሣሪያው አምራች ድጋፍ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2018 በላሪንጎስኮፕ መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ነው። ዕድሜያቸው 22 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ፣ በመድኃኒት ያልተሻላቸው ሕሙማን በዕጣ ተከፈሉ፤ ሁለት ሦስተኛው ከመድኃኒት ጋር የፊኛ ሕክምና፣ ቀሪዎቹ መድኃኒት ብቻ አገኙ። ከ6 ሳምንት በኋላ ቲምፓኖግራማቸው ጤናማ ሆኖ የተገኘው ከፊኛው ቡድን 51.8 በመቶ፣ ከንጽጽሩ ቡድን 13.9 በመቶ ነበር። ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ቲምፓኖግራምም ሕመምተኛው በተስፋ ብቻ የሚለውጠው መለኪያ አይደለም። ይህን አሳንሶ ማየት ፍትሐዊ አይሆንም።

የጥናቱ ድክመት የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ የንጽጽሩ ቡድን እንዲቀጥል የተደረገው ቀድሞውኑ ባላሻለው የመድኃኒት ሕክምና ነው፤ በእንዲህ ያለ ቡድን ላይ ብልጫ ማሳየት አስቸጋሪ አይደለም። ሁለተኛ፣ የማስመሰያ ቀዶ ሕክምና ስላልነበረ ሕሙማኑ የደረሳቸውን ያውቁ ነበር። በሰባት ጥያቄዎች በሚለካው የሕመም ስሜት 56.2 በመቶ ለ8.5 በመቶ የታየው ልዩነት ምን ያህሉ የፊኛው፣ ምን ያህሉ የተስፋው እንደሆነ መለየት አይቻልም። ሦስተኛውና ዋነኛው፣ የንጽጽሩ ሕሙማን ከ6 ሳምንት በኋላ የፊኛ ሕክምና እንዲያገኙ መፈቀዱ ነው። ንጽጽሩ በዚያው አበቃ።

ቪጃይ አናንድና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2019 ባቀረቡት ተከታይ ዘገባ በ52ኛው ሳምንት ከተመረመሩት 128 ሕሙማን የ71ዱ፣ ማለትም የ55.5 በመቶው፣ ቲምፓኖግራም ጤናማ ነበር። ቁጥሩ ለውጡ እንደጸና ያመለክታል፤ ግን ያለ ቀዶ ሕክምና በዓመቱ ውስጥ ስንቱ ይሻለው እንደነበር አይናገርም። ከመቶ 44 ያህሉ ጤናማ ቲምፓኖግራም እንዳላገኙም መዘንጋት የለበትም።

ንጽጽርን ለዓመታት ማቆየት አይቻልም የሚል መከራከሪያ ሊነሳ ይችላል። በሕፃናት ላይ በሌላ ቀዶ ሕክምና፣ ማለትም በታምቡር ላይ በሚተከል የአየር ማስገቢያ ቱቦ፣ የተደረገ ጥናት ግን የሚቻል መሆኑን አሳይቷል። በፒትስበርግ ጃክ ፓራዳይዝና ባልደረቦቻቸው መካከለኛ ጆሯቸው ውስጥ ፈሳሽ የቆየባቸውን 429 ሕፃናት በዕጣ ከፍለው፣ ለከፊሎቹ ቱቦው በአፋጣኝ እንዲተከል፣ ለሌሎቹ ፈሳሹ ካልጠፋ እስከ 9 ወር ድረስ እንዲዘገይ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመው ዘገባ ከ9 እስከ 11 ዓመት ዕድሜ ላይ የተመረመሩት 391 ልጆች በዕድገታቸው የሚያስመካ ልዩነት አልታየባቸውም። ቡድኖቹ ባይጠበቁ ኖሮ የልጆቹ መልካም ዕድገት የአፋጣኙ ቱቦ ውጤት ተደርጎ በተቆጠረ ነበር።

እንግዲህ ስለ ፊኛው መባል ያለበት ይህ ነው፤ በአጭር ጊዜ የመካከለኛውን ጆሮ የአየር ግፊት ያስተካክላል፤ የረጅም ጊዜ ጥቅሙ ግን በንጽጽር አልተረጋገጠም። የመስማት ችሎታም የጥናቱ ዋና መለኪያ አልነበረም። መሣሪያውን ለመግዛት የሚያስብ ሆስፒታል ይህንን ልዩነት ከወጪው ጋር ሊመዝነው ይገባል። ሕክምናው የተደረገለትም ሰው «ድነሃል» ተብሎ መሰናበት የለበትም። የታምቡሩ መሰርጎድ ያለ ሕመም ሊቀጥል ስለሚችል፣ ጆሮው በኦቶስኮፕ በየጊዜው መታየት፣ መስማቱም መለካት አለበት።