የኋላው ታምቡር

ፒክአፕ ይዞ ወደ ጋራዥ የሚገባ ሰው ስለ ፍሬን ሲያወራ የሚያወራው ስለ ፊተኛው ነው። «ፓድ አልበረክትልኝ አለ፤ ገና በቅርቡ ያስቀየርኩት አልቆ እየጮኸ ነው፤ ዕቃው ፎርጅድ ይሆን እንዴ?» ይላል። ፎርጅድ የለም አልልም። ካርቶኑ ጃፓን፣ ውስጡ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ፓድ ገበያውን ሞልቶታል። ቢሆንም ክሪኩን ይዤ መጀመሪያ የምሄደው ወደ ኋላ ጎማ ነው። ደንበኛው ግር ይለዋል፤ አንዳንዱም ሥራ የማበዛበት ይመስለዋል። የፒክአፕ ፍሬን ግን ችግሩ ከፊት ቢሰማም መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ከጭነቱ ሥር ነው።

ነገሩ ከመኪናው ጠባይ ይጀምራል። የቤት መኪና ሁለት ሰው ጫነ አራት፣ ክብደቱ ብዙም አይለያይም። ፒክአፕ ጠዋት ባዶውን ወጥቶ ከሰዓት በኋላ አሥር ኩንታል ሲሚንቶ ተሸክሞ ይመለሳል። አሥር ኩንታል ያልኩት ፋብሪካው የሚፈቅደውን ነው፤ ባለቤቱ የሚጭነውን ላውራ ብል ሌላ ወሬ ይሆናል። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል። ባዶ ፒክአፕ የኋላ ጎማው ለይስሙላ ነው መሬት የሚነካው፤ ከኋላ ብዙ ፍሬን ከተሰጠው ጎማው ይቆለፍና ኋላው ዞሮ ፊቱን ሊቀድም ይፈልጋል። ሲጫን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ትልቁ ክብደት ያለው ኋላ ነውና ኋላው ድርሻውን ካልያዘ ሸክሙ ሁሉ በፊተኞቹ ፓዶች ላይ ይወድቃል።

ይህን የሚያስታርቅ አንድ ዕቃ አለ፤ ከጋራዥ ሰው ውጭ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ከሻንሲው ሥር፣ ወደ ኋላው አክስል ጠጋ ብሎ የተቀመጠ ቫልቭ ነው። ከቫልቩ የሚነሳ ዘንግ ጫፉ ከአክስሉ ጋር ታስሯል። መኪናው ሲጫን ሻንሲው ወደ አክስሉ ይቀርባል፣ ዘንጉ ይንቀሳቀሳል፣ ወደ ኋላ የሚሄደው የፍሬን ዘይት ግፊት ይጨምራል። ሲራገፍ ይቀንሳል። ኤቢኤስ ባላቸው አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ይህን የሚያደርገው ኮምፒውተር ነው፤ እኔ ጋ ከሚገቡት ሃይሉክሶች ብዙዎቹ ግን ዘንጉን ተሸክመው የሚዞሩ ናቸው።

ባለንብረቱ ምን ያደርጋል? ጭነት ሲበዛ ኋላው እየተቀመጠ ሲያስቸግረው ባሌስትራ ያስጨምራል። መኪናው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሰውየውም ደስ ይለዋል። ቫልቩ ግን ክብደት አይመዝንም፤ የሚለካው በሻንሲውና በአክስሉ መካከል ያለውን ርቀት ብቻ ነው። ባሌስትራው ስለጠነከረ ሃያ ኩንታል ተጭኖም ርቀቱ ያን ያህል አይጠብም። ቫልቩ መኪናው ባዶ መስሎት የኋላውን ፍሬን ይቆጥባል። ፓድ በላ፣ ዲስክ አቃጠለ የሚባለው ያን ጊዜ ነው። ባሌስትራ የጨመረለት ሰው የቫልቩን ዘንግ አብሮ ቢያስተካክልለት ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። ዘንጉ ተሰብሮ በሽቦ የታሰረም፣ ቫልቩ አፈሰሰ ተብሎ ቧንቧው በቀጥታ የተገናኘም ገጥሞኛል። በቀጥታ የተገናኘው ሲጫን ጥሩ ይይዛል። ጉዱ የሚታየው በክረምት ነው፤ ባዶውን፣ በእርጥብ አስፋልት ላይ፣ ሕፃን ልጅ ድንገት መንገድ ሲገባ።

ሌላው ከልማዳችን የመጣ ነው። የእጅ ፍሬን አንወድም። ዳገት ላይ ስናቆም ማርሽ እናስገባለን፣ ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ድንጋይ ታኮ ያደርጋል፣ አለቀ። ድንጋዩን መሀል መንገድ ትቶ ስለመሄድ የምለው ነበረኝ፤ ለሌላ ቀን ይቆየኝ። የድሮዎቹን ሃይሉክሶች ታምቡር የሠሩት ሰዎች ሹፌሩ የእጅ ፍሬን እንደሚስብ እርግጠኛ ነበሩ። የኋላ ሸራ እያለቀ ሲሄድ ወደ ታምቡሩ የምታስጠጋዋ ማስተካከያ የምትዞረው የእጅ ፍሬኑ በተሳበ ቁጥር ነው። ካልተሳበ አትዞርም፤ ካልዞረች ክፍተቱ ይሰፋል። ገመዱ በሽፋኑ ውስጥ ይዝጋል፣ ከጎማው ጀርባ ያለችው ትንሿ ክንድ ጭቃና አቧራ ጠጥታ ትደርቃለች። ከዚያ በኋላ ሰውየው ልማዱን ልቀይር ቢልም እጀታው አይሳብለትም። ፔዳሉ ቀስ በቀስ ይወርዳል። ሹፌሩ ሁለት ጊዜ መርገጥ ይለምድና «ሁለተኛው ላይ እኮ ጥሩ ይይዛል» ይላል፣ መኪናውን የማመስገን ያህል።

«ጋሼ፣ ማስተሩ ነው» ይለኛል አብሮኝ የሚሠራው ልጅ፣ ገና ፔዳሉን ሳይረግጥ። ማስተር ሲሊንደር መቀየር ቀላል ነው፤ የሚከፍለው ሌላ ሰው ስለሆነ። ከዚያ በፊት ግን እግር ብዙ ይናገራል። ፔዳሉ መጀመሪያ ወርዶ ደጋግመህ ስትረግጠው ከፍ ካለና ከጠነከረ የኋላው ሸራ ከታምቡሩ ርቋል። ስትረግጠው እየላላ ተመልሶ ከገፋህ በቧንቧው ውስጥ አየር አለ። ረግጠህ ይዘኸው ቆመህ፣ ዘይት የትም ሳይፈስ፣ ቀስ እያለ ከሰመጠ ያኔ ማስተሩን ጠርጥር፤ የውስጡ ጎሚኒ አልቆ ዘይቱን ወደ ኋላ እያሳለፈ ነው። ሦስቱም «ፍሬኔ ወረደ» ተብለው ነው የሚመጡት።

ታምቡሩን መክፈት ራሱ ብዙ ያስተምራል። የቆየ ከሆነ በመዶሻ ቢደበደብም አይወጣም፤ ሸራው የበላው ቦታ ጎድጉዶ ጠርዙ ላይ ከንፈር ስለሚሠራ ሸራው እዚያ ይያዛል። በጀርባው ቀዳዳ ቀጭን ካቻቢቴ አስገብቶ ማስተካከያዋን ወደ ኋላ ማዞር ነው። ታምቡሩ ፊት ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ ቡሎን አስገብተህ ተራ በተራ ስታጠብቅ ራሱ እየተገፋ ይወጣል። እነዚህ ቀዳዳዎች ለምን እንደተሠሩ ሳይጠይቅ ዕድሜውን ሙሉ መዶሻ የሚያነሳ መካኒክ አውቃለሁ። ሲወጣ ውስጡ በጥቁር ብናኝ የተሞላ ነው። በኮምፕሬሰር አይነፋም። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፣ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚቀር ነገር ነው፤ በውሃ አርጥቦ መጥረግ ይሻላል።

ከዚያ ማየት ነው። ሸራው ወፍራም ሆኖ ፊቱ አብረቅርቆ ጠንክሮ ከሆነ ሥራ ፈትቶ የከረመ ነው፤ ታምቡሩን በጠርዙ ብቻ እየላሰ። የሲሊንደሩን የአቧራ ጎማ በጣት ገለጥ አድርጌ እመለከታለሁ፤ ከሥሩ ዘይት ካቆረ ጎሚኒው አልቋል። የታምቡሩ የመጨረሻ ስፋት እላዩ ላይ ተጽፎበታል፤ በባለ አራት ጎማ ነጂ ሃይሉክስ 295 ሚሊ ሜትር ሆኖ የተሠራው 297 ሲደርስ መጣል አለበት። ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥ የሚቻለው እዚያ እስኪደርስ ነው። ሲገጠም ደግሞ የግራና የቀኝ ማስተካከያዎች ጥርሳቸው በተቃራኒ አቅጣጫ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ከተቀያየሩ ማስተካከያዋ ሸራውን ማስጠጋቱን ትታ ታርቀዋለች፣ ያ ሁሉ ድካም በሳምንቱ ይፈርሳል።

አንዳንዴ ታምቡሩ ሲከፈት የሚሸተው የፍሬን ሳይሆን የዲፈረንሻል ዘይት ነው። ከጎማው ውስጠኛ ጎን ላይ የወረደ ጥቁር መስመር ካየሁ ሳልከፍት አውቀዋለሁ። ሰው ሁሉ የዘይት ማገጃ ጎማውን ይቀይርና ይረካል። ጎማው ለምን እንዳፈሰሰ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። አክስሉ ላይ ዲፈረንሻሉ የሚተነፍስባት ትንሽ መተንፈሻ አለች። በጭቃ ከተደፈነች ዘይቱ ሲሞቅ ውስጥ የታመቀው አየር መውጫ ያጣና ዘይቱን በጎማው በኩል ይገፋዋል። አዲሱም ጎማ እንደ አሮጌው ያፈሳል። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ቢታጠብ፣ በእሳት ቢለበለብ ፊቱ ነው የሚደርቀው፤ ጭነት ተጭኖ ሲሞቅ የጠጣውን መልሶ ያወጣዋል። መጣል ነው። የአንዱን ጎን ብቻ መቀየርም አይሆንም፤ አንዱ ጎማ እየያዘ ሌላው እየተንሸራተተ መኪናውን ያዞራል።

የፊተኛውን ረስቼ አይደለም። መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ከሳበ ከካሊፐሩ ፒስተኖች አንዱ ዝጎ ቀርቷል፤ ፓዱ ሰያፍ ሆኖ በማለቁ ይታወቃል። ፍሬን ተለቆም ጎማው ሞቆ የሚቀር ከሆነ የካሊፐሩን የአየር ማስወጫ ከፈት አድርጌ አያለሁ፤ ዘይት ፊጭ ብሎ ጎማው ነጻ ከሆነ ጥፋቱ የካሊፐሩ አይደለም፣ የፍሬን ጎማ ቱቦው ከውስጥ አብጦ ዘይቱን አሳልፎ መመለሻ ከልክሎታል። መሪ የሚያንቀጠቅጠው ብዙ ጊዜ የዲስኩ ውፍረት እኩል አለመሆን ነው። ቁልቁለት ወርደው ዲስኩ እንደጋለ መኪና የሚያሳጥቡትን ስለዚህ ነው የምቆጣው።

ቁልቁለት ካልኩ ዓባይ በረሃን ማንሳት ግድ ነው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ 1400 ሜትር ገደማ ቁልቁል ነው። ሁለት ቶን ተኩል የሚመዝን ፒክአፕ ያን ያህል ሲወርድ መጣል ያለበት ጉልበት ከአንድ ሊትር ናፍጣ ቃጠሎ ከሚወጣው ሙቀት ጋር የሚቀራረብ ነው። ሊትሩን ከአራት ጎማ ሥር አቃጥለው እንበል፤ ሞተሩና ነፋሱ ካልተጋሩት የሚሄደው ወደ ፓድና ወደ ሸራ ነው። ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ በራሱ ብዙ አይዝም፤ ትላልቆቹ አይሱዙዎች ያላቸው የጭስ ፍሬንም ፒክአፕ ላይ የለም። ስለዚህ ዝቅተኛ ማርሽ ከላይ፣ ገና ሳይወረድ ነው የሚገባው። በፎሌ የሚወርደውን፣ ይባስ ብሎ ናፍጣ ልቆጥብ ብሎ ሞተር የሚያጠፋውን ምን ልበለው? ሞተሩ ሲጠፋ ፔዳሉን የሚያቀልለው ሰርቮ ለሁለት ሦስት ርግጫ ያህል ነው የሚያግዘው። ከዚያ ፔዳሉ ድንጋይ ነው።

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 አዲስ ሳለ የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው፤ እርጥበት ሲገባው ገደቡ ወደ 140 ይወርዳል። የዶት 4 ገደብ 230 ሲሆን ወደ 155 ይወርዳል። ዘይቱ ቁልቁለቱ መሀል ሲፈላ እንፋሎቱ ይታመቃል፣ ፔዳሉም ወለል ይነካል። የሚያናድደው፣ መኪናው ዳር ይዞ ግማሽ ሰዓት ካረፈ በኋላ ፍሬኑ ይመለሳል። ጋራዥ ሲደርስ ቢታይ ቢፈተሽ ምንም የለውም፤ ሹፌሩም ዋሽቶ ይመስላል። እኔ አምነዋለሁ፤ የዘይቱን ጣሳ ከፍቼ ቀለሙን አያለሁ። ቡና ከመሰለ ወሬው እውነት ነው። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር ቢባል የሚሰማ የለም፤ ሲጎድል መሙላት ብቻ ነው የሚታወቀው። መሙላቱም በምን? የካምቢዮ ወይም የመሪ ዘይት የጨመረ ሰው ክዳኑ ላይ ይጋለጣል፤ የክዳኑ ጎማ አብጦ ወደ ቦታው አልመለስ ይላል። ክዳኑ እንዲያ ከሆነ ከማስተር እስከ ጎማ ያለው ጎሚኒ ሁሉ አብጧል፤ ያለ ምሕረት በሙሉ ይቀየራል።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሰርቮው ራሱ ይደክማል። የሚሠራው በአየር ግፊት ነው፤ እዚህ ከፍታ ላይ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ጥሩው ሰርቮ እንኳ ጅቡቲ ላይ የሚያግዘውን ያህል እዚህ አያግዝም፤ ትንሽ ካፈሰሰ ወዲያው ይታወቃል። በአሮጌዎቹ ናፍጣ ሃይሉክሶች አየሩን የምትስበው ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ ነው የተገጠመችው። ዲናሞ ካስጠገነ በኋላ ፍሬን ጠነከረብኝ የሚል ሰው ሲመጣ ፍሬኑን አልነካም። ሞተር አጥፍቼ ፔዳሉን እስኪጠነክር እረግጣለሁ፣ ረግጬ እንደያዝኩ አስነሳለሁ። ከእግሬ ሥር ዝቅ ካላለ ወደ ዲናሞው እሄዳለሁ።

ሁሉም ተገጥሞ፣ አየሩ ወጥቶ፣ የእጅ ፍሬኑ ተስተካክሎ የሚቀረው ያ የቫልቩ ዘንግ ነው። እሱ በዓይን ግምት አይስተካከልም፤ የኋላው ክብደት ታውቆ፣ የግፊት መለኪያ ከፊትና ከኋላ ታስሮ፣ ፋብሪካው ከሰጠው ቁጥር ጋር እየተያየ ነው። ደንበኛው ግን ጭነቱን አራግፎ፣ መኪናውን አሳጥቦ፣ ለአክብሮት ባዶውን ያመጣልኛል። ስለዚህ ቀጠሮ ስይዝ አስቀድሜ እናገራለሁ፦ ስትመጣ ከነሲሚንቶህ ና።