የሌሊት ወፏ ምን ትላለች?

በቻይና የሸክላ ዕቃ ላይ የተሣለን እንስሳ እኛ የምናየው በዓይናችን ብቻ ነው። ቻይናዊው ግን በጆሮውም ይሰማዋል። ስለ ቻይና ጌጥ ሲነሣ ይህ ብዙ ጊዜ ስለሚዘለል፣ እዚህ ላይ ጥቂት ለመቆየት ወደድን። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሌሊት ወፍን እንውሰድ። በእኛ ዘንድ ከወፍም ከአይጥም ያልሆነች፣ የማትታመን ፍጡር ናት። በቻይንኛ ግን የስሟ መጨረሻ «ፉ» ነው፤ መልካም ዕድልም «ፉ» ይባላል። በመሆኑም በቺንግ ነገሥታት ዘመን (1644–1912) በሳህኑም በሐሩም ላይ ትበር ነበር። አምስት ሆነው ሲሣሉ አምስቱ በረከቶች ናቸው፤ እነርሱም ረጅም ዕድሜ፣ ሀብት፣ ጤና፣ በጎ ምግባርና ያማረ ፍጻሜ ናቸው። ቀይ ከሆነች፣ «ቀይ» እና «ሰፊ» በድምፅ አንድ ስለሆኑ፣ ዕድሉ ሰፊ ነው። ቁልቁል ስትዘቀዘቅ ደግሞ፣ «ተገለበጠ» የሚለው ቃል ከ«ደረሰ» ጋር ስለሚመሳሰል፣ ዕድል ቤት ገባ ማለት ነው። ሰምና ወርቅ ለተማረ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም፤ ሰሙ የሌሊት ወፏ፣ ወርቁ ዕድሉ ነው።

እርግጥ ሁሉም እንስሳ በድምፅ አይናገርም። በቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል በጦር ሲወጋ የምናየው ዘንዶ፣ በቻይና ዝናብ ሰጪና የንጉሠ ነገሥቱ ምልክት ነው። በ1756 በቤጂንግ የተሠራው የቤይሃይ የዘጠኝ ዘንዶዎች ግድግዳም የዚሁ ክብር ምስክር ነው።

ለመሆኑ ዘመናዊው ንድፍ ከዚህ ምን ወሰደ? ዘንዶውና ፎኒክስ የምትባለው ወፍ አንድ ላይ ሲሣሉ የሙሽሮች ምልክት ነበሩ። ዛሬ በፔርሙዝና በሻይ ቆርቆሮ ላይ የሚገናኙት ቦታ ለመሙላት ነው። ቅርጹ አለ፣ ቃሉ የለም። ከካርቶን ላይ ዘንዶ የሚገለብጥ ተማሪም የሚያገኘው ይህንኑ ባዶ ቅርፊት ነው። ይህን እድገት ለማለት ይከብደናል።

ሐን ሜይሊን ለ2008ቱ የቤጂንግ ኦሊምፒክ የሣላቸው አምስት ምልክቶች ግን ሌላ መንገድ ያሳያሉ። ከመካከላቸው ዓሣ፣ ፓንዳና የቲቤት ድኩላ ይገኛሉ። ስማቸው ቤይቤይ፣ ጂንግጂንግ፣ ሁዋንሁዋን፣ ዪንግዪንግና ኒኒ ነው፤ አንድ አንዱን ድምፅ ስናገጣጥም «ቤጂንግ እንኳን ደህና መጣህ ትልሃለች» የሚል ዓረፍተ ነገር ይወጣል። ሥዕሎቹ እንደ ሕፃናት አሻንጉሊት ጉንጫቸው ያበጠ፣ ጣፋጭነታቸው የበዛ ነው፤ ከቤይሃይ ዘንዶዎች አጠገብ ማቆም ያሳፍራል። ሆኖም አሮጌው የቃል ጨዋታ አልሞተባቸውም። ዓሣዋ ቤይቤይም ብትሆን፣ የ«ዓሣ» እና የ«ትርፍ» ድምፅ በቻይንኛ አንድ ነውና፣ አያቶቿ በጥንቱ ሳህን ላይ ሲሉት የኖሩትን ምኞት ይዛ ትዋኛለች።