ጫጫታ የሌለው ገበያ፦ ስለ ሬናቶ ጉቱዞ «ቩቺሪያ» የቀረበ ሂስ

ፓሌርሞ በሜድትራንያን ባሕር መካከል የምትገኘው የሲሲሊ ደሴት ዋና ከተማና ወደብ ናት። ላ ካላ ከሚባለው አሮጌ ወደቧ ተነሥቶ በዝግታ የሚያዘግም ጐብኚ ብዙም ሳይርቅ ቩቺሪያ ከተባለው የገበያ ሠፈር ይደርሳል። ስሙ ሥጋ ቤት ከሚል የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ሲሆን፣ በደሴቲቱ ሕዝብ አነጋገር ጫጫታና ግርግር ማለትም ነው። ይህንን ገበያ አንድ ትልቅ ሥዕል በሩቅ አገር ላሉ ሰዎች ጭምር አሳውቆታል።

ሠዓሊው ሬናቶ ጉቱዞ በ1911 (እ.ኤ.አ.) ለፓሌርሞ ቅርብ በሆነችው በባገሪያ ተወለደ። በ1940 የኢጣልያ ኮሙኒስት ፓርቲ አባል የሆነው ይህ ሰው ጦም ያደረ መሬት ለመያዝ የተነሡ የሲሲሊ ገበሬዎችንና የድኝ ማዕድን ሠራተኞችን ሥሏል። በ1974 ግን ከትውልድ ደሴቱ ርቆ በሰሜን ኢጣልያ በነበረው የሥራ ክፍሉ ውስጥ ቁመቱም ወርዱም ሦስት ሜትር በሆነ ሸራ ላይ የሠራው ገበያን ነው። በዚህም አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ይነሣል። ይኸውም ለገበሬው ብሩሹን ያነሣ ሠዓሊ፣ ድኽነት በተንሰራፋበት ከተማ መካከል የተትረፈረፈ ምግብ መሣሉ ከእውነታ መሸሽ አይሆንምን? የሚለው ነው።

ሥዕሉ ገበያውን ከፍ ካለ ሥፍራ ቁልቁል ያሳያል። በሜንጦ የተሰቀለ የበሬ ሥጋ፣ አፉ እንደ ሰይፍ የሾለ ዓሣ፣ በሣጥን የተደረደረ እንቁላል፣ ፎርማጆ፣ የወይራ ፍሬና አትክልት ሸራውን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሞልተውታል። ሰማይ አይታይም። በመካከል በቀረችው ጠባብ መተላለፊያ ነጭ ቀሚስ የለበሰች ሴት ጀርባዋን ለተመልካቹ ሰጥታ ወደ ውስጥ ስትዘልቅ፣ ቢጫ ሹራብ የለበሰ ወንድ ከፊት ለፊቷ ይመጣል።

የጥያቄው መልስ የሚገኘው ከዚሁ ቅርፅ ነው። ለጐብኚ የሚሸጥ የፖስታ ካርድ ምግቡን ለዓይን ድግስ፣ ሰዉን ለጌጥ ያቀርባል። በጉቱዞ ሸራ ላይ ግን ሥጋው ክብደት አለው፤ ሰዎቹ በሸቀጡ መካከል ተጣበው ይተላለፋሉ እንጂ በሸቀጡ ላይ የበላይነት የላቸውም። ስሙ ጫጫታ በሆነው ገበያ ውስጥ ዝምታ ነግሦአል። በመሆኑም ሥዕሉ ሸቀጥ ሰውን የዋጠበትን ኑሮ ያለ አንዳች መፈክር ያስገነዝባል። ይህም ታላቅ ብቃቱ ነው።

ሆኖም ጉድለቱ መታለፍ የለበትም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በተለይም በ1943፣ በቦምብ የፈረሱት የአሮጌው ከተማ ቤቶች ብዙዎቹ ለአሠርት ዓመታት ሳይጠገኑ ቀርተዋል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የግንባታው ገንዘብ የፈሰሰው በዳርቻው ወደተሠሩት አዳዲስ ሕንፃዎች ሲሆን፣ አያሌ ነዋሪዎችም ወደዚያው ፈልሰዋል። የገበያው ሸማች የመነመነው በዚህ ሂደት ነው። ጉቱዞ ሸራውን በምግብ ሲሞላ ከሰማዩ ጋር ይህንን ፍርስራሽም ሸፈነው። መረቡን የጐተተው ዓሣ አጥማጅ ከሥዕሉ ውጭ ቀርቷል። ሥዕሉ የሸቀጡን ክብደት ሲያሳይ ሸቀጡን ያስገኘውን ጉልበት አላሳየም።

ዛሬ በቩቺሪያ የቀሩት የሻጭ መደቦች ጥቂቶች ናቸው፤ ሠፈሩ በይበልጥ የሚደምቀው በምሽት መዝናኛ ነው። ጐብኚው በቦታው የሚያጣውን ገበያ የሚያገኘው ከወደቡ አጠገብ ባለው፣ በ14ኛው መቶ ዘመን በታነጸውና ዛሬ የፓሌርሞ ዩኒቨርሲቲ በሆነው በስቴሪ ቤተ መንግሥት ነው፤ ጉቱዞ ሥዕሉን ለዩኒቨርሲቲው ሰጥቷልና። ይኸው ግቢ እስከ 1782 የኢንኲዚሲዮን ፍርድ ቤትና ወኅኒ ነበር። እስረኞች በግድግዳው ላይ የሣሏቸው ሥዕሎችና የጻፏቸው ቃላት እስከ ዛሬ ይታያሉ። እነዚያ ስማቸው በአብዛኛው ያልታወቀ ሠዓሊዎች ሸራም ሆነ የዘይት ቀለም አልነበራቸውም፤ በሥዕላቸው ውስጥ ግን የተሠቃየው ሰው ራሱ ይናገራል።

ሁለቱን በአንድ ቀን ያለ ችኰላ የሚመለከት ሠዓሊ ወይም መምህር ጠቃሚ ማነጻጸሪያ ያገኛል። የጉቱዞ ሥዕል የተትረፈረፈ ነገርን ሳይዋሹ መሣል እንደሚቻል ያረጋግጣል። ያንን ሁሉ ያመረተውንና የተሸከመውን ሰው በዚያው ሸራ ላይ የማሳየቱ ሥራ ግን ለሌሎች ብሩሾች የተተወ ነው።