ቀይ የተቀባች አደይ

በ2017 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ማለዳ በሬን ካንኳኩት ልጆች አንዱ፣ ዕድሜው ከስምንት ወይም ከዘጠኝ የማያልፍ የጎረቤት ልጅ፣ ራሱ የሳላትን የአበባ ሥዕል ሰጠኝ። በደብተር ወረቀት ላይ በከለር የተሠራች ናት። አበባዋ ግን ቀይ ነበረች፤ ግንዷ እንደ ስንደዶ ቀጥ ያለ፣ የቆመችውም ሜዳ ላይ ሳይሆን የአበባ ማስቀመጫ ውስጥ። እኔም መቼም ልማድ ሆኖብኝ በሰው ሥራ ላይ አስተያየት ሳልሰጥ ማለፍ አልችልምና፣ “ምነው፣ አደይ አበባ ቢጫ አይደለችም እንዴ?” አልኩት። ልጁ ትንሽ አሰበና፣ “ጋሼ፣ እኔ የሳልኩት የቤታችንን ነው” አለኝ። ዐሥር ብሩን ተቀብሎም ወደሚቀጥለው በር ሮጠ።

የቤታቸውን አውቀዋለሁ። ቡፌው ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚቆም የፕላስቲክ ጽጌረዳ ነው። ሥዕሉን ይዤ ቁጭ ብዬ ሳጤነው ደነገጥኩ። ልጁ ቅጠሉ ግንዱ ላይ የተሰካበትን ቀለበት ሳይቀር ስሎታል። ያየውን ነው የሳለው። ስለ እውነተኛነት እስክንሰለች በምናወራበት የሥነ ጥበብ ሜዳችን፣ ይህ ልጅ ከብዙዎቻችን የበለጠ ለዐይኑ የታመነ ሆኖ አገኘሁት።

ከብዙዎቻችን ስል ራሴን ጨምሬ ነው። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ የቆዩ ጽሑፎቼን አገላበጥኩ። ለአዲስ ዓመት በጻፍኳቸው ሁለት መጣጥፎች ውስጥ አደይ “ፈክታለች”። የት እንደ ፈካች፣ ማን እንዳያት የሚናገር አንድም ዐረፍተ ነገር የለም። እውነቱን ለመናገር፣ ስጽፋቸው አደይን በቅርብ ካየሁ ዓመታት አልፈው ነበር። ከፊቴ የነበረችው አበባ ሳትሆን፣ ከሌሎች ሰዎች ግጥም የተረፈች ቃል ናት።

በየዓመቱ በመስከረም መባቻ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚነበቡትን ግጥሞች ልብ ብሎ ያዳመጠ ሰው ነገሩ የእኔ ብቻ አለመሆኑን ያውቃል። “አደይ” ከ“ፀሐይ” ጋር ቤት ይመታል፤ ከ“ጸደይ” ጋር ደግሞ ከዚያ ባማረ ሁኔታ ይመታል። ችግሩ፣ በአገራችን የወቅት አቆጣጠር ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ነው። መስከረም 1 ቀን ገና ክረምት ነው፤ መጸው የሚገባው መስከረም 26 ነው። ከአውሮፓ መጻሕፍት የተረጎምነው ጸደይ፣ ከአበባ ጋር ስለሚመጣና ቤት ስለሚመታልን ብቻ፣ መስከረም ላይ ተተከለ። ለቤት መምቻ ሲባል አንድ ሙሉ ወቅት ከቦታው ተፈናቀለ ማለት ነው። እንግዲህ የትኛው ነው ፕላስቲኩ? የጎረቤቴ የቡፌ አበባ ወይስ የእኛ “አደይ”?

የቀደሙት ባለቅኔዎች እንዲህ አልነበሩም። የማኅሌተ ጽጌ ደራሲ አባ ጽጌ ብርሃን አበባን የድርሰቱ ምሳሌ ሲያደርግ የአበባው ጊዜ አልጠፋውም። ያ ማኅሌት የሚቆመው ከመስከረም 26 ጀምሮ ለ40 ቀን ነው። ምሳሌው ሰማያዊ ቢሆንም እግሩ መሬት ረግጧል።

“ከተማ ውስጥ አደይን ከየት አምጥተን እንያት?” የሚል አንባቢ አይጠፋም። ቅሬታው ተገቢ ነው። ልጅ ሆነን አደይ የለቀምንበት ሜዳ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ሆኗል። አገራችን በአበባ ንግድ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ የምትጠራ ብትሆንም፣ የዝዋይና የሆለታ ጽጌረዳ ብዙው የሚጓዘው ወደ ኔዘርላንድ እንጂ ወደ ጎረቤቴ ቡፌ አይደለም። ስለዚህ በእናትየው ፕላስቲክ አልፈርድም። አበባ ያማራት ሴት ያገኘችውን ነው ያስቀመጠችው። የእኔ ክስ በቃል ነጋዴዎች ላይ ነው፤ ለእኛ አንድ እስር አደይ ገዝቶ ማየት የሚያቅት አልነበረም።

በደመራ ዋዜማ ከቄጤማ ሻጮች ሁለት እስር ገዛሁ። አንዱን በብርጭቆ ውኃ አድርጌ የምጽፍበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። አደይን ቀርቦ ያያት ሰው አንዲት አበባ እንዳልሆነች ይረዳል። መካከሏ ላይ ያለው ክብ የጥቃቅን አበቦች ጉባኤ ነው፤ ዙሪያዋን የተዘረጉት ቢጫ ቅጠሎችም እያንዳንዳቸው ለየራሳቸው አንድ አበባ ናቸው። የሥነ ዕፅዋት ሊቃውንት የሚጠሯት ባይደንስ ማክሮፕቴራ ብለው ነው። የመጀመሪያው ቃል በላቲን “ሁለት ጥርስ” ማለት ሲሆን፣ የተወሰደውም ከወገኖቿ ፍሬ ጫፍ ላይ ካሉት ሁለት እሾኮች ነው። ባዕዳኑ ጎንበስ ብለው ፍሬውን እስኪያዩ ድረስ ታገሡ፤ እኛ ባለቤቶቹ ከ“ፈካች” አላለፍንም። በሦስተኛው ቀን ቢጫ ብናኝ ወረቀቴ ላይ ረገፈ፤ ውኃው ደፈረሰ፤ አንገቷም ዘመመ። ይህን ሁሉ ከየትኛውም የአዲስ ዓመት ግጥም አላገኘሁትም።

ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ግጥም እጄ ሲገባ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የት አየሃት? መልስ ያለው ይለፍ። በዚህ ሚዛን ልጁ አልፏል፤ እኔ ወድቄያለሁ።

ግቢ ያላችሁ፣ በጥቅምት ማብቂያ ከሜዳ የደረቀ የአደይ ራስ ለቅማችሁ ከአጥራችሁ ሥር በትኑ። ቢበቅል ለልጆቻችሁ የሚስሉት ነገር ይሆናል። ሁለተኛውን እስር ለጎረቤቴ ሰጥቻት ከጽጌረዳው አጠገብ አቆመችው። በማግስቱ ልጁ በር ላይ ሲያገኘኝ፣ “ጋሼ፣ ያንተዋ ጎንበስ ብላለች፤ ቀጥ አድርጌ ልሳላት ወይስ እንዳለች?” አለኝ።

እንዳለች አልኩት።