ዓላማውን የሚያውቅ እርከን

የጨፋ ሜዳ ዕጣ የሚወሰነው ዙሪያውን በከበቡት ተራሮች ላይ ነው። ተራራው ከተራቆተ ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ወደ ሜዳው ይወርዳል። በጨፋ ሮቢትና በከሚሴ ዙሪያ የሚኖረው ገበሬም ሆነ በበጋ ሣር ፍለጋ ከብቱን ወደዚህ የሚነዳው አርብቶ አደር ጉዳቱን ይጋራል።

በ1997 ዓ.ም. በሀገራችን የተጀመረውን የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የማደንቀው እንዲህ ያለውን ጉዳት ለመከላከል ስለሚያግዝ ነው። ከዚያ በፊት የእርዳታ እህል በየዓመቱ ይመጣ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ ግን ተበልቶ ያልቅና ረሃቡ ይመለስ ነበር። ፕሮግራሙ እርዳታውን ከሥራ፣ ሥራውንም ከተፋሰስ ዕቅድ ጋር ይበልጥ አያያዘው። መሥራት የሚችል ሰው እርከን ይሠራል፣ ክትር ይገነባል፣ ችግኝ ይተክላል፤ አቅመ ደካሞችና ነፍሰ ጡሮች ግን ሳይሠሩ ይደገፋሉ። የሥራው ወቅትም የእርሻ ጊዜን እንዳይሻማ ተብሎ የተመረጠ ነው።

ትልቁ ብልሃት ሰንሰለቱ ነው። እርከኑ ውሃውን ያዘገያል፤ የዘገየው ውሃ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ የሰረገው ምንጭን ያጠናክራል፤ ምንጩ መስኖና ሣር ይሆናል። ደመወዙ የዛሬን ጉሮሮ ሲደፍን፣ እርከኑ ለነገ ጥሪት ይሆናል። ግቡና ተጠቃሚው አስቀድሞ ስለሚታወቅ፣ የተሠራው እርከን በሜትር ብቻ ሳይሆን ባስቀረው ጎርፍም ሊመዘን ይችላል።

ስለዚህ ማንኛውም መሥሪያ ቤት አዲስ ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት ሁለት ጥያቄዎችን ይመልስ፦ የትኛውን ግብ ያሳካል? ማንንስ ይጠቅማል? መልስ የሌለው ፕሮጀክት በጀት አይገባውም።